ከቅንድብ በላይ

ሰኞ፣ ጥር 13

ሱቅ በጊዜ ከፈትኩ። አዲሱ የመጋረጃ ጨርቅ ገብቷል። ቡናማው ጥሩ ነው። አረንጓዴው ግን ከጣቃው መሃል ቀለሙ ደብዝዟል። ለላኪው ደወልኩ። ትንሽ አንገራገረና "በይ መልሺው" አለ። እንዲህ ነው መሆን ያለበት። ጉድለት ካለ ባለቤት አለው፣ ይመለስለታል።

ከሰዓት ልጄ ከአፀደ ሕፃናት መጣች። ፊት ለፊት ያለው ልብስ ሰፊ እንደ ልማዱ ማሽኑን አቁሞ፣ "ወይዘሪት ገቡ! አገጫቸውን እዩልኝ! ኧረ እመቤቴ፣ ዝቅ ብለው ቢያዩን ምን ይጎድልብዎታል?" አለ።

"አንተ ነህ አጭር" አለችው።

ገበያው ሳቀ። ቅጽል ስሟ እሱ ያወጣላት ነው። አምስት ዓመቷ ነው፣ እንደ ትልቅ ሴት አገጯን ቀና አድርጋ ነው የምትሄደው። እኔም ደስ ይለኛል። አንገት መድፋትን ከማንም አልተማረችም።

አንዲት ገዢ ጎንበስ ብላ ከኮፍያዋ ሥር አየቻት። "ውይ! ዓይኗ ምን ሆኖ ነው? ተወግታ ነው?"

"ስትወለድ ጀምሮ ነው።"

"ታያለች?"

"ከኔም ካንቺም ትሻላለች።" መርፌ ወለሉ ላይ ጣልኩና "አምጪልኝ የኔ ልጅ" አልኳት። ወዲያው አነሳችው። ሴትዮዋ አፏን ይዛ ቀረች፤ የመጋረጃውን ጨርቅም ገዛች።

ይህን ሙከራ ለስንት ሰው አሳይቻለሁ… ለራሴም ይሆን?

የግራ ዓይኗ ብሌን ክብ አይደለም። ወደ ታች ተስቦ የቁልፍ ቀዳዳ ይመስላል። አዋላጇ ያኔ "ዓይን ሐኪም ይያት" አለች። ወሰድኳት። "በየጊዜው አምጫት" ተባልኩ። መርፌ ከወለል ማንሳት ስትጀምር ተውኩት። የሚያይ ዓይን ምን ሐኪም ያስፈልገዋል ብዬ… ኮፍያ ገዛሁላት፣ በቃ።

ሐሙስ፣ ጥር 16

መምህሯ አስጠራችኝ። ሱቁን ለክር ሻጯ ጎረቤቴ አደራ ብዬ ሄድኩ።

"እትዬ፣ ልጅቷ ጎበዝ ናት" አለች። እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚል አውቃለሁ። እኔም ዋጋ ስጨምር እንዲሁ ነው የምጀምረው።

"ግን?" አልኳት።

"ግን… ትንሽ ኩራት አለባት። ሰሌዳው ላይ የላይኛውን መስመር ዘልላ ከታች ትጀምራለች። ከላይ ጀምሪ ስላት አገጯን ወርወር አድርጋ ታየኛለች። ኳስ ሲወረወርላትም አትይዝም፤ በፊቷ ነው የምትቀበለው። ልጆቹ መሳቅ ጀምረዋል።"

መንገድ ላይ ጠየቅኳት። "ለምንድነው ኳሱን የማትይዢው?"

"ድንገት ነው የሚመጣው።"

"ሁሉም ኳስ ድንገት ነው የሚመጣው።"

"ለነሱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው" አለች።

ሰበብ መስሎኝ ተቆጣኋት። አሁን ስጽፈው ግን… ለነሱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ምን ማለቷ ነው?

ቅዳሜ፣ ጥር 18

በተራ ልጻፈው።

ገበያው ሞቅ ብሎ ነበር። ልጄ ከባንኮኒው ወዲህ ቆማ ወደ መደርደሪያው ዞራለች፤ ገዢዋ የምትፈልገውን ጨርቅ እየገመተች በጣቷ ታሳየኛለች። "ይኼኛው? ይኼኛው ነው?" ትላለች። እኔ ከጎን መሰላል ላይ ነበርኩ። ከላይኛው ረድፍ አንዱን ጣቃ ስስብ አጠገቡ ያለው ተንሸራተተ። ወዲያው አልወደቀም። ጫፉ ላይ ወዝወዝ አለ፣ ጥቅሉ ተፈታ፣ ከዚያ መጣ። ፊት ለፊቷ። ገዢዋ ጮኸች። ልብስ ሰፊው ከማዶ "ሽሺ!" አለ። ሁላችንም አየነው።

እሷ አላየችውም። ዓይኗ ክፍት ነበር። እንደቆመች፣ ፈገግ እንዳለች… አልሸሸችም። አልጨፈነችም እንኳ። ግንባሯ አጠገብ ሲደርስ ነው የደነገጠችው። ትከሻዋን መትቷት ወለሉ ላይ ተዘረጋ።

ልብስ ሰፊው ሮጦ መጥቶ አቀፋት። ሳቅም ለቅሶም በሆነ ድምፅ፣ "እንዴት ያለች ደፋር ናት! ንቅንቅ አላለችም እኮ!" አለ።

ደፋር አይደለችም። ነገር ወደ ፊቱ ሲመጣ የሚያይ ዓይን ሳይጠየቅ ይጨፈናል።

እሑድ፣ ጥር 19

ዛሬ ሱቅ የለም። መስኮቱ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጥኳት።

"አፍንጫዬን ብቻ እዪ። ቀና እንዳትይ። ሪባኑ ሲታይሽ ‘አየሁ’ በይ።"

"ጨዋታ ነው?"

"ጨዋታ ነው።"

ቀይ ሪባን ከበላይዋ ቀስ እያደረግኩ አወረድኩ። ለእኔ ቢሆን ሪባኑ ገና ከራሴ በላይ ሳለ ይታየኝ ነበር። ሪባኑ ከፀጉሯ መስመር ወረደ… ግንባሯን አለፈ… ዝም። ቅንድቧን አልፎ ሲወርድ ነው "አየሁ!" ያለችው። ከጎን ሳመጣው ወዲያው። ከታች ሳመጣው ወዲያው።

ግራዋ ነው ብዬ ግራዋን በመዳፏ አስከደንኳት። ቀኟን ብቻ ፈተንኩ። ቀኟ ክብ ነው፣ የሚያምር ነው፣ ማንም "ምን ሆኖ ነው" ብሎ አያውቅም።

ቅንድቧን አልፎ ነው "አየሁ" ያለችው። መልኩ እንደ ግራው ባይሆንም… ያው ነው።

ጨርቅ የሚፈተሸው ባንኮኒ ላይ ተዘርግቶ ነው። እጅ ያልፍበታል፣ ዓይን ከላይ ያየዋል። ከልጅነቴ የለመድኩት ይህንኑ ነው። እሷንም እንደዚያው ፈተሽኳት። መርፌ ከወለል፣ እራፊ ከባንኮኒ፣ ሥዕል ከጭኔ ላይ… ሁሉም ከታች። አንድ ቀን እንኳ ከላይ ሰቅዬ "ይታይሻል?" ብያት አላውቅም። ከላይ ተሰቅሎ የሚፈተሽ ጨርቅ የት አለ?

አገጯ ደግሞ… ኩራት አይደለም። የሚታያትን ወደ ላይ እያነሳችው ነው። ልጄ ለአምስት ዓመት ለማየት ስትንጠራራ እኔ ከገበያው ጋር እስቅ ነበር።

"አሸነፍኩ?" ትለኛለች።

"አሸንፈሻል" አልኩ።

ረቡዕ፣ ጥር 22

የዓይን ሆስፒታል ዋልን። ጠብታ ጨመሩላት፣ ብሌኗ ሰፋ፣ ብርሃኑ አስለቀሳት። ደግመው ጨመሩ። ዶክተሯ ጉንፋን ይዟት በየመሃሉ መሐረቧን ታወጣለች፤ ግን አትቸኩልም። ይህን ወደድኩላት።

መጀመሪያ ያየችው ኮፍያውን ነው። "ጥሩ አድርገዋል። በዚያ ክፍተት ብርሃን ስለሚበዛባት ፀሐይ ላይ እንዳትለየው" አለች። "እሺ" አልኩ። ለምን እንደገዛሁት አልነገርኳትም።

ስሙ ኮሎቦማ ይባላል አለች። ወረቀት አውጥታ ሣለችልኝ።

ዓይን በማሕፀን ሲጀምር ኳስ አይደለም። እንደ ጽዋ ነው፣ ግድግዳው እየታጠፈ ይመጣል። ከሥር በኩል ክፍት ሆኖ ይቆያል። ከዚያ ሁለቱ ጠርዞች ይገናኙና ይዘጋሉ። የልጄ አልተገናኙም። በግራው ከፊት እስከ ኋላ ክፍት ቀርቷል፤ የሚታየው ቀዳዳ የፊቱ ጫፍ ብቻ ነው። በቀኙ ፊቱ ተዘግቷል፣ ከውስጥ በታች በኩል ግን ጎደሎ አለ። ብርሃን የሚቀበለው ሥስ ሽፋን፣ ሬቲና የሚሉት፣ እዚያ ቦታ የለም።

"ከታች ከሆነ የጎደለው ለምን ከላይ አይታያትም?" አልኩ።

"ብርሃን ዓይን ውስጥ ተገልብጦ ነው የሚያርፈው። ከላይ ያለው ነገር ከታች ያርፋል። የሚያርፍበት ከሌለ አይታይም።"

ገባኝ። እንዲህ ጥርት ብሎ የገባኝ ነገር ይኖር ይሆን… ባይገባኝ ይሻል ነበር።

"እና አይሰፋም?" አልኳት። የሱቄ አፍ አምልጦኝ ነው። "ስፌት ሲከፈት እኛ እንገጥመዋለን። እናንተም…"

አልሳቀችብኝም። "ቢቀደድ ኖሮ ጨርቁ አለ፣ ይገጠማል። ይህ የተቀደደ አይደለም። እዚያ ቦታ ላይ ጨርቁ መጀመሪያውኑ አልተሠራም።"

የሚመለስለት ላኪ የለም። የሚቀየር የለም።

"መሃሉ ግን በሁለቱም ተርፏል፣ በቀኙ በተለይ" አለች። "ታነባለች። ትማራለች። ከላይ ያለውን ግን ራሷን አንስታ ትፈልጋለች። እንዳትከለክሏት።"

ኩላሊቷን፣ ልቧን፣ ጆሮዋንም እንድናሳይ ጻፈችልን። አንዳንዴ አብሮ የሚጎድል አለ አለች። ሌላ የሚጎድል ደግሞ?

ዓርብ፣ ጥር 24

አማቴ መጥታ ዋለች። ነገሩን በሥርዓት ነገርኳት። ሻይዋን አስቀመጠች።

"ያኔም ብዬሽ ነበር። እርጉዝ ሆነሽ መቀስ ከእጅሽ አይወርድም ነበር። ቀን ሙሉ ቀጭ፣ ቀጭ። ልጁ ሆድ ውስጥ አይሰማም?"

"እማማ፣ ዶክተሯ የሚዘጋው ገና ሁለት ወር ሳይሞላ ነው ብላለች። ያኔ እኔ ማርገዜን እንኳ አላውቅም ነበር።"

"አንቺ አታውቂም፣ መቀሱ ያውቃል" አለች።

ምን ይባላል? ከእሷ ጋር ክርክር ገጥሞ ያተረፈ የለም። ዳቦ ቆርሼ ሰጠኋት።

ልጄ ግን ከጓዳ ሰምታለች። ማታ ልብሷን ሳወልቅላት፣ "መቀሱ ነው የቆረጠኝ?" አለች። "ማንም አልቆረጠሽም። አንቺ ስትሠሪ አንድ ቦታ ሳይዘጋ ቀረ" አልኳት። "እኔ ነኝ የረሳሁት?" አለች። ማንም አልረሳም፣ ማንም… ስንቴ እንዳልኩት አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ጥር 28

ኩላሊት ደህና። ልብ ደህና። ጆሮ ደህና። ተመስገን ብዬ ሱቅ ገብቼ የአንዲቱን ገዢ ጨርቅ አጣምሜ ቆረጥኩ። ስንት ዘመን ቆርጬ እንዲህ አበላሽቼ አላውቅም…

ሐሙስ፣ ጥር 30

ባሌ ከጉዞ ተመለሰ። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሦስት ሳምንት ውጭ ነበር። ዶክተሯ የኛንም ዓይን ማየት ፈልጋለች፤ አንዳንዴ ከወላጅ ይመጣል፣ ወላጁ ሳያውቀው። አብረን ሄድን፤ እሱ መርፌ እንዳየ ልጅ አካባቢውን ሲያይ ነበር። ሁለታችንም ተመረመርን። እኔ ምንም። እሱም ምንም።

"እና ከየት መጣ?" አለ።

"ብዙ ጊዜ አይታወቅም" አለች ዶክተሯ።

አማቴ ይህን ስትሰማ ቅር አላት። ከኔ ወገን ቢሆን ትቀየመኝ ነበር፣ ከነሱ ቢሆን ታፍር ነበር። አሁን ግን የሚቀየሙት የለም። እኔም እንደሷ መሆኔ ነው የገረመኝ። ጥፋተኛ ብንሆን ይቀለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ የካቲት 5

ዛሬ ዶክተሯ ዋናውን ነገር ነገረችን። የጎደለው ራሱ አይብስም። አደጋው ዙሪያው ነው። ጠርዙ ሥስ ነው፣ ደካማ ነው። ሬቲናው ከዚያ ተነሥቶ ሊላቀቅ ይችላል። ምት ሊያመጣው ይችላል፣ ያለ ምትም ይመጣል። ከተላቀቀና ካልተደረሰበት ዓይኑ ይጠፋል። ቀኙ ቢሆንስ… ያለን ቀኙ ነው።

"ምልክት የለውም?" አልኩ።

"ብልጭታ፣ ጥቁር ነጠብጣብ፣ እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ። ትልቅ ሰው ይናገራል። ልጆች ግን አይናገሩም። የሚታያቸው ሲቀንስ ዓለም እንደዚያ የሆነ ይመስላቸዋል።"

በሌዘር ጨረር ጠርዙን ዙሪያውን ማጣበቅ ይቻላል አለች። ልጅ ስለሆነች በማደንዘዣ ተኝታ ነው።

"ካላደረግንስ?"

"ምንም ላይሆን ይችላል።"

"ካደረግንስ?"

"ያኔም ሊላቀቅ ይችላል። ዕድሉ ግን ይቀንሳል።"

"ዋስትና ይሰጡኛል?"

"አልሰጥም።"

ዋስትና የሚሰጥ ሻጭ ብዙ አውቃለሁ። እኔም ሰጥቼ አውቃለሁ። በዚህች ቃል አመንኳት።

ባሌ ግን ከበሩ ስንወጣ ጀመረ። "አሁን ታያለች አይደል? የሚሠራ ሞተር አይፈታም።"

"ፍሬኑ ሥስ ነው ቢሉህ ቁልቁለት ትወርዳለህ?"

"መኪና አይደለችም!"

"አንተ ነህ ሞተር ያልከው።"

ወደ ቤት በእግር ሄድን። ልጄ ከኋላችን ትመጣለች፣ እጄን ይዛ። የመንገዱን ድንጋይ አንድም አልሳተችም። የወረደውን የዛፍ ቅርንጫፍ ግን እኔ በእጄ ገፋሁላት። ባሌ አየ። ቆመ። ሌላ ቅርንጫፍ ነበር፣ እሱ ገፋው።

ረቡዕ፣ የካቲት 6

"ይሁን" አለኝ ጠዋት። ሌላ አልጨመረም።

ሰኞ፣ የካቲት 11

ለመምህሯ ሁሉንም አስረዳሁ። ፊቷ ቀላ። "እኔ እኮ ኩራት…" አለች። "እኔም" አልኳት። ሰሌዳው ላይ ለእሷ ዝቅ አድርጋ ልትጽፍ፣ ኳሱንም በመሬት ልታንከባልል ተስማማን። ምት እንዳያገኛት ስል ድምፄ ተሰበረ። ገበያ ውስጥ እንደ ብረት ነው የምታወቀው።

እሑድ፣ የካቲት 17

ሌዘሩ ከነገ ወዲያ ነው። ዓይኗን እያየሁ እውላለሁ። ብልጭታ አለ? ጥላ አለ? ብጠይቃት ልታስደስተኝ ይመስል "የለም" ትላለች፤ ብደግምላት "አለ" ትላለች። ገዢ ደስ እንዲለኝ የሚናገረውን እውነት ከሆነው መለየት አውቃለሁ። የራሴን ልጅ ግን አልቻልኩም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 19

ገባች። አባቷ እስከ በሩ ተሸክሟት ሄደ። "አባዬ፣ መኪናህን እንዳትረሳው" አለችው፤ ለምን እንዳለች እንጃ። ሁለታችንም ሳቅን፣ ከዚያ እሱ ወደ ግድግዳው ዞረ።

አማቴ አጠገቤ ተቀመጠች። አንድም ቃል ስለ መቀስ አልተነፈሰችም። ቀዝቃዛ እጇን እጄ ላይ አድርጋ ዋለች።

ዶክተሯ ወጣች። ጉንፋኗ ለቋታል።

"በቀኙ ጠርዙ አልተነሣም። ዙሪያውን በሌዘር አጥረነዋል።"

"ግራውስ?"

"በግራው ጠርዙ በአንድ በኩል መነሣት ጀምሮ ነበር። ትንሽ ነው። ከዚያ እንዳያልፍ ወዲህ በኩል አጥረናል።"

"መቼ ነው የጀመረው?"

"አይታወቅም። ሳምንት ሊሆን ይችላል፣ ዓመትም።"

ጣቃው የወደቀ ዕለት ይሆን? አልጠየቅኩም። መልሱ ምን ያደርግልኛል… ይኸው ስጽፈው ጠየቅኩ።

"እና ይቆማል?"

"እናያለን። ካልቆመ ቀዶ ጥገና አለ፤ እሱም ቀላል አይደለም።"

ስትነቃ "ጨለማ ነው" ብላ አለቀሰች። ማሰሪያው ነው። ማሰሪያው መሆኑን እያወቅኩ ዶክተሯን መልሼ ጠራኋት።

ዓርብ፣ የካቲት 22

ማሰሪያው ተፈታ። አየችኝ። "ፀጉርሽ ተመሰቃቅሏል" አለች።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 7

ልብስ ሰፊው ዛሬ "ወይዘሪት" ሊላት አፉን ከፍቶ ተወው። ነገሩን ከክር ሻጯ ሰምቷል። "በስሟ ብጠራት ይሻላል እንዴ?" አለኝ በሹክሹክታ። ልጄ ከባንኮኒው ሆና፣ "ዛሬ ለምን አልጠራኸኝም? ተኳረፍን?" አለችው። ማሽኑ ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ዓይኑን በክንዱ ሲጠርግ አየሁት።

ሐሙስ፣ መጋቢት 19

የክትትል ቀን ነበር። ቀኙ እንደታጠረ ነው። ግራው… አልተስፋፋም፣ አልተመለሰምም። በአጥሩ ውስጥ ያለው የጠፋ ነው፣ ከአጥሩ ውጭ ያለው ግን እስካሁን አለ። ከወር በኋላ ተመለሱ አለች። ከዚያም ከወር በኋላ። እስከ መቼ አልኳት። "እስካደገች፣ ካደገችም በኋላ ራሷ ትመጣለች" አለች።

አውቶቡስ ስንጠብቅ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን።

"እማዬ፣ ዶክተሯ ‘ከላይ ያለው አይታያትም’ አለች አይደል?" አለች።

"አዎ።"

"ከላይ ምን አለ?"

ለካ አታውቅም። እኛ የሚታየንን አታውቅም። ሌላው ሰው ቀና ሳይል ከቅንድቡ በላይ እንደሚያይ ማንም ነግሯት አያውቅም። እኔ ደግሞ እሷን ስፈትሽ ነው የኖርኩት እንጂ አጫውቻት አላውቅም።

ፊት ለፊት እያየሁ ነገርኳት። "የመብራት ሽቦ አለ። ሽቦው ላይ ወፍ አለች። ከወፏ በላይ ሰገነት አለ፣ ልብስ ተሰጥቷል፣ ሰማያዊ አንሶላ። አንዲት ሴትዮ ምንጣፍ እያራገፈች ነው። ከሷ በላይ ጣሪያ፣ ከዚያ ደመና።"

"ቀና ሳትይ?"

"ቀና ሳልል።"

"አሁን? ሁሉም አንዴ?"

"ሁሉም አንዴ።"

"ቤትም ውስጥ? ስትበይም?"

"ስበላም። አምፖሉ፣ የመጋረጃው ዘንግ፣ ጣሪያው… አሉ።"

ታዝንብኛለች… ለምን ለእኔ የለም ትለኛለች ብዬ ልቤን አጥብቄ ጠበቅኳት።

"ይኼን ሁሉ?" አለች። "አይደክምሽም?"

ልስቅ ነበር። አልሳቅኩም።

"ይደክመኛል" አልኳት።

እውነቴን ነበር። ገልመጥ አድርጋ አየችኝና ጠጋ አለች። ራሷን ክንዴ ላይ አስደገፈች፤ አውቶቡሱ እስኪመጣ እንደዚያው ተቀመጥን።